ቁጥሩ በማን እጅ ያልፋል? የኤአይ ረዳትና የግራፍ መሥሪያው ሲገናኙ

በዚህ አገር ሪፖርት የማያቀርብ መሥሪያ ቤት የለም፤ ግራፍ የሌለው ሪፖርት ደግሞ ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ወረዳው ለክፍለ ከተማው፣ ክፍለ ከተማው ለከተማው፣ የቁጠባና ብድር ማኅበሩ ለጠቅላላ ጉባኤው፣ ተመራቂው ለአማካሪው የሚያቀርበው ወረቀት ሁሉ ባርና ፓይ ይፈልጋል። የኤአይ ረዳቶች ከውጭ መሣሪያዎች ጋር መገናኘት ሲጀምሩ የእኛ ሰው ዓይን ቀድሞ ግራፍ መሥሪያው ላይ ቢያርፍ አያስገርምም።

ሰኔ ሲቃረብ በመካኒሳ አቦ ዙሪያ ካሉት የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ጥቂት የቆየ ሰው ለውጡን ራሱ ያየዋል። ተመራቂዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ይዘው የሚመጡበት ወቅት ነው፤ ጭንቀቱ ሁሉ ምዕራፍ አራት ላይ ነው፤ የመረጃ ትንተና። ቀድሞ ኤስፒኤስኤስ የተባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም የሚችል ልጅ ተፈልጎ፣ በገጽ ተከፍሎት፣ ሠንጠረዡንም ግራፉንም ያወጣ ነበር። አሁን ተማሪው የኤክሴል ፋይሉን ለረዳቱ ይሰጥና «ግራፍ ሥራልኝ» ይለዋል፤ የታዘዘው ቡና ሳይቀርብ ግራፉ ይደርሳል። ለጽሕፈት ቤቱ የቀረው ማተምና መጠረዝ ነው። (የመላሾችን ፆታ ለሁለት በተከፈለ ክብ የማያሳይ የመመረቂያ ጽሑፍ እስካሁን አላጋጠመኝም። ሁለት ቁጥር ለማሳየት ግማሽ ገጽ!)

እንግዲህ መሣሉ ራሱ ችግር አይደለም። ዊሊያም ፕሌይፌር በ1786 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝን ንግድ በመስመር፣ የስኮትላንድን ደግሞ በባር ካሳየ ወዲህ ዘዴው ታውቋል፤ ሊላንድ ዊልኪንሰን በ1999 እ.ኤ.አ. ግራፍን እንደ ቋንቋ ሰዋስው ከፋፍሎ ጻፈው፤ ጆን ሀንተር በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጣው ማትፕሎትሊብ ዛሬም የዓለምን ግማሽ ሳይንስ ይሥላል ቢባል ማጋነን አይሆንም። አስቸጋሪው ነገር ሌላ ቦታ ነው፦ ቁጥሩ ከመዝገቡ ተነሥቶ ሥዕሉ ላይ እስኪደርስ በማን እጅ ያልፋል? ይህ ዳሰሳ የሚያየው ያንን መንገድ ነው፤ በተለይም መንገዱ በእኛ የቀን አቆጣጠር፣ በእኛ ፊደልና በእኛ መሥሪያ ቤቶች በኩል ሲያልፍ።

መገናኘቱ እንዴት እንደመጣ ባጭሩ ላንሣ። የቋንቋ ሞዴል ሥራው ቃል ማውጣት ነው፤ ብቻውን ግራፍ አይሠራም። በጁን 2023 እ.ኤ.አ. ኦፕንኤአይ ሞዴሉ የውጭ ፕሮግራሞችን እንዲጠራ የሚያስችል አሠራር ለገንቢዎች ከፈተ፤ በሚቀጥለው ወር ደግሞ የቻትጂፒቲ ከፋይ ደንበኞች የፓይተን ኮድ እየጻፈና እያስኬደ ፋይላቸውን የሚተነትን ረዳት አገኙ። ነገር ግን እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን መሰኪያ ይሠራ ስለነበር አንዱ የሠራው ለሌላው አይሆንም ነበር። በኅዳር 2017 ዓ.ም. (ኖቬምበር 2024 እ.ኤ.አ.) አንትሮፒክ «ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል» የተባለውን፣ በምሕጻሩ ኤምሲፒ የሚሉትን፣ ክፍት መስፈርት አወጣ። በወራት ውስጥ ኦፕንኤአይም ጉግልም እንደሚቀበሉት አስታወቁ።

አሠራሩ ከቀበሌ ቅጽ አይለይም። ግራፍ መሥሪያው ለረዳቱ ባዶ ቅጽ ይሰጠዋል፤ የግራፉ ዓይነት፣ ርእስ፣ የአግድሙ ስም፣ የቋሚው ስም፣ ዳታ። ረዳቱ ከተጠቃሚው ጥያቄ ተነሥቶ ቅጹን ይሞላል፦ ዓይነት፣ ባር፤ ርእስ፣ የወር ገቢ፤ ዳታ፣ መስከረም 41,200፣ ጥቅምት 38,750 እያለ። የተሞላው ቅጽ ይላካል፣ መሥሪያው ይሥላል፣ ምስሉ ወይም የምስሉ አድራሻ ይመለሳል። የቻይናው አንት ግሩፕ የአንትቪ ቡድን ያወጣው የኤምሲፒ ግራፍ ሰርቨር በዚህ መንገድ ከ25 በላይ የግራፍ ዓይነቶችን ይሥላል። ኩዊክቻርት የተባለው አገልግሎትም ተመሳሳይ ነው፤ እርሱ እንዲያውም ቅጹን በሙሉ የድረ ገጽ አድራሻው ውስጥ ያስገባዋል።

እዚህ ጋ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ቅጹን የሞላው ማን ነው? ሞዴሉ። እያንዳንዱን ቁጥር ያነበበውና መልሶ የጻፈው እርሱ ነው። ዐሥር ቁጥር ከሆነ ብዙውን ጊዜ ይሳካለታል። የአንድ ዓመት የዕለት ሽያጭ ከሆነ ግን ሊዘል፣ ሊያጠጋጋ፣ ሁለት ረድፍ ሊያምታታ ይችላል፤ «በወር ደምርልኝ» ከተባለ ደግሞ በቃሉ ሊደምር ይሞክራል። ግራፍ መሥሪያው ዋናውን መዝገብ ስላላየ የሚያመሳክርበት ነገር የለውም፤ የተሰጠውን በታማኝነት ይሥላል። ስሕተቱ ጥርት ባለ ቀለምና በተስተካከለ መስመር ተውቦ ይወጣል። በእጅ የተሠራ ግራፍ ሲበላሽ መበላሸቱ ይታይ ነበር፤ ይሄኛው አይታይም።

ሁለተኛው መንገድ ኮድ ማስጻፍ ነው። ረዳቱ የፋይሉን ዐምዶችና ጥቂት ረድፎች ይመለከታል፣ ከዚያ የፓይተን ወይም የጃቫስክሪፕት ኮድ ይጽፋል፣ ኮዱ ራሱ ፋይሉን ከፍቶ ይደምራል፣ ይሥላል። ቁጥሩ በሞዴሉ አፍ አያልፍም። ስሕተት አይቀርም፤ ነገር ግን ወደ ኮዱ ይዛወራል፤ ኮድ ደግሞ ይነበባል፣ ይስተካከላል፣ ደግሞ ይሮጣል፣ ለኦዲተር ይታያል። በእኔ ግምት በመንገዶቹ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ይህ ነው፤ ስለ ቀለምና ስለ ውበት የሚነገረው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ሦስተኛው መንገድ ረዳቱን ከዳሽቦርድ ጋር ማገናኘት ነው፤ ሱፐርሴት፣ ሜታቤዝ፣ ግራፋና፣ ፓወር ቢአይ። ረዳቱ ለዳታቤዙ ጥያቄ ይጽፋል፣ መልሱን ዳሽቦርዱ ይሥላል። ዳታው በሥርዓት ለተቀመጠለት ባንክ ወይም ቴሌኮም ይህ ከሁሉ ይሻላል። ስለ አራተኛው፣ ሥዕል የሚሥል ኤአይ ባሩንም ቁጥሩንም እንደ መልክአ ምድር በቀለም እንዲቀባ ስለ ማዘዝ፣ ብዙ አልልም፤ ለፖስተር እንጂ ለሪፖርት አይሆንም።

ግራፍ ላይ መሳሳት የድሃ መሥሪያ ቤት ዕጣ ብቻ እንዳይመስለን፣ ነሐሴ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. (ኦገስት 7 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.) የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ኦፕንኤአይ ጂፒቲ 5ን ለዓለም ባሳየበት ቀጥታ ሥርጭት ላይ 52.8 የተጻፈበት ባር 69.1 ከተጻፈበት ባር በልጦ ቆሞ ታየ፤ 69.1ና 30.8 ደግሞ እኩል ቁመት ነበራቸው። የኩባንያው ኃላፊ ሳም አልትማን ራሱ በአደባባይ ስሕተቱን አመነ። ያን ግራፍ ሰው ይሥራው ማሽን ለነገራችን ለውጥ የለውም። ቁጥሩና ቁመቱ በተለያየ እጅ ከመጡ መካከላቸው ያለውን ልዩነት የሚይዝ ሰው ካልቆመ ያልፋል፤ በዚያ ሁሉ ባለሙያ ፊትም አለፈ።

ወደ ቤታችን ስንመለስ የመጀመሪያው እንቅፋት ዘመን ነው። ለሙከራ የአንድ ሱቅ የወራት ገቢ መዝገብ ሰጥቼ ኮድ አጽፌ ነበር። የወሮቹ ስም በአማርኛ ነው። ኮዱ በወር ደመረ፣ በንጽሕና ደመረ፤ ባሮቹን ግን በፊደል ተራ ደረደራቸው፦ ሐምሌ፣ መስከረም፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ሰኔ፣ ታኅሣሥ፣ ኅዳር እያለ። ጥር ከጥቅምት ቀደመ። ክፋቱ የፊደሉ ተራ በሐምሌ መጀመሩ ነው፤ የበጀት ዓመታችንም በሐምሌ ስለሚጀምር የመጀመሪያው ባር በቦታው ያለ ይመስላል፤ ችኩል ዓይን አይቶት ያልፋል። የተሠራው ባር ሳይሆን የመስመር ግራፍ ቢሆን ኖሮ ገቢው ሲወጣና ሲወርድ የሚያሳይ፣ በእውነት ያልኖረ ዓመት ይሆን ነበር።

ቀጥሎ የዓመቱ ቁጥር አለ። «2012» የሚል ዐምድ ያየ መሣሪያ 2012 እ.ኤ.አ. ነው ብሎ ይወስዳል። የአንድ ትምህርት ቤት የተማሪ መገኘት በመጋቢት 2012 ድንገት ዜሮ ቢገባ ረዳቱ ምክንያቱን በዚያ ዓመት የዓለም ዜና ውስጥ ይፈልጋል፤ አያገኝም፤ ካላገኘም ከራሱ ይፈጥራል። እዚህ ያለ ሰው ግን መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ አገር ውስጥ መገኘቱንና ትምህርት ቤቶች ወዲያው መዘጋታቸውን ሳይጠየቅ ያስታውሳል።

ከዚህ የሚብሰው «2016/17» የሚለው አጻጻፍ ነው። በአማርኛ የግብርና ሪፖርት ላይ «የ2016/17 የመኸር ወቅት» ሲባል በ2016 ክረምት ተዘርቶ በ2017 የተሰበሰበው ነው፤ በፈረንጁ 2024/25። በብሔራዊ ባንክ የእንግሊዝኛ ሪፖርት ላይ ያው 2016/17 ሲጻፍ ደግሞ የእኛ 2009 በጀት ዓመት ነው። ሁለቱን ፋይሎች ለአንድ ረዳት ሰጥቶ «አወዳድርልኝ» ያለ ሰው ስምንት ዓመት የተራራቁ ቁጥሮችን በአንድ ነጥብ ላይ ተደራርበው ያገኛቸዋል። መሣሪያው የሚያጉረመርምበት ምክንያት የለም፤ ጽሑፉ አንድ ነው። የበጀት ዓመቱ ራሱም ወጥመድ አለው፤ የ2017 በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን 2016 ነውና «ሐምሌ 2017» የሚል ረድፍ የዓመቱ መጀመሪያ ይሁን የሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ የሚያውቀው መዝገቡን የጻፈው ሰው ብቻ ነው።

ጳጉሜንን ደግሞ ማን ይርሳት። ደመወዝ የላትም፤ ሽያጭ ግን አላት፤ የበዓል ዋዜማ ስለሆነች እንዲያውም ደህና ሽያጭ አላት። ለብቻዋ ከተሣለች የአምስት ቀን ባር ከሠላሳ ቀን ባሮች አጠገብ ቆማ ንግዱ የወደቀ ያስመስላል፤ ከነሐሴ ጋር ከተደመረች ነሐሴን ያለ ሥራው ታሳድገዋለች። በሩብ ዓመት ሲታይም ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው የመጀመሪያው ሩብ ዓመት በአብዛኛው 95 ቀን ነው፤ ሌሎቹ ዘጠና ዘጠና። ምንም ሳይለወጥ የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ከ5 በመቶ በላይ ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ሁለተኛው ደግሞ «ቀነሰ» ይባላል። የሂሳብ ሠራተኛ ይህን በልምድ ያውቀዋል። ረዳቱ የሚያውቀው ከተነገረው ነው።

ይህ ችግር ሊፈታ የማይችል አለመሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጤና ጣቢያዎቻችን ሪፖርታቸውን የሚያስገቡበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሥርዓት የተሠራው በኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት ነው፤ ጤና ሚኒስቴር ተቀብሎ በአገር ደረጃ ሲዘረጋው የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ከሥርዓቱ መቼቶች አንዱ ሆኖ ይገኝ ነበር። ወሩ እንዴት እንደሚቆጠር ሥርዓቱ አንዴ ተነገረው፤ ከዚያ ወዲያ በየግራፉ ማስረዳት ቀረ። ግራፍና ካርታ የሚሠራበት ክፍልም አብሮት አለ። ሥርዓቱ ለውጭ ፕሮግራሞች ክፍት በር ስላለው ረዳት ከእርሱ ጋር ቢገናኝ ዘመኑን ከሥርዓቱ ይወስዳል እንጂ አይገምትም።

ግን እዚያም ቢሆን አንድ ነገር አለ። በጤናው ሪፖርት «ወር» ማለት ካለፈው ወር 21 እስከ ያዝነው ወር 20 ነው። በዚህ ስሌት የመስከረም ሪፖርት ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20 ይሄዳል፤ ጳጉሜንን ጨምሮ በአብዛኛው 35 ቀን። ሌላው ወር 30 ቀን ስለሆነ ሕሙማኑ በዕለት እኩል ቢመጡም የመስከረም ባር በአንድ ስድስተኛ ያህል ይበልጣል። በአዲስ ዓመት ሕመም በዛ ብሎ የሚጽፍ ረዳት ማየት ከፈለጋችሁ ይህን ፋይል ስጡት። በቀን አካፍሎ አማካዩን እንዲሥል ቢታዘዝ በአንድ መስመር ኮድ ያበቃል፤ ማዘዝ ያለበት ግን ነገሩን የሚያውቅ ሰው ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኮምፒውተር ፊደላችንን በሚገባ ያውቃል። ግራፍ የሚሥለው ፕሮግራም ግን የፊደሉ ቅርጽ ያለበት ፎንት ያስፈልገዋል። ማትፕሎትሊብ ካልተነገረው በስተቀር የሚጠቀመው ደጃቩ ሳንስን ነው፤ በዚያ ፎንት ውስጥ ግዕዝ የለም። ስለዚህ ርእሱ «የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሩብ ዓመት ገቢ» መሆኑ ቀርቶ የባዶ ሣጥኖች ሰልፍ ይሆናል። ያ ሣጥን ለብዙ ሰው «ኤአይ አማርኛ አይችልም» የሚያሰኝ ነው፤ ሞዴሉ ግን ርእሱን አስተካክሎ ጽፎት ነበር። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤልን ጭኖ የፎንቱን ስም በትእዛዙ መንገር በቂ ነው። ፎንት መጫን በማይቻልበት የውጭ ሰርቨር ላይ ከሆነ ደግሞ በምስል ፋንታ በብራውዘር የሚከፈት ግራፍ ማስወጣት ነው፤ ቬጋ ላይት፣ ኢቻርትስና ቻርት ጄኤስ እንዲህ ይሠራሉ። ያን ጊዜ ፊደሉን የሚሥለው የተመልካቹ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ነው፤ እነዚህ ደግሞ በአብዛኛው የአማርኛ ፎንት አላቸው።

ሣጥኑ ቢያንስ ይታያል። የማይታየው የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። የአንድ ማኅበር አባላት መዝገብ ላይ አንዱ ጸሐፊ «ሐምሌ»፣ ሌላው «ሀምሌ» ብሎ ጽፏል እንበል። ለእኛ አንድ ወር ነው፤ ለኮዱ ሁለት። ግራፉ ላይ ሁለት አጫጭር ባሮች ይወጣሉ፤ ያ ወር ከሁሉ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ ከሁሉ ያነሰ ይመስላል። ንፋስ ስልክ፣ ነፋስ ስልክ፣ ን/ስ/ላፍቶ ተብሎ የተጻፈ ክፍለ ከተማ ሦስት ቦታ ይከፈላል። ረዳቱን «ሀ፣ ሐንና ኀን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን አንድ አድርገህ ቁጠር፤ ከመሣልህ በፊት የስሞቹን ዝርዝር አሳየኝ» ካሉት በደንብ ያደርገዋል። እንዲያውም ከኤስፒኤስኤሱ ዘመን የሚሻለው በዚህ ነው፤ ያን ጊዜ ይህን ማጽዳት የሙሉ ቀን ሥራ ነበር። በድሮው የፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፉ፣ ዩኒኮድ ያልሆኑ መዛግብት ግን መጀመሪያ ካልተለወጡ ለረዳቱ የላቲን ፊደላት ዝባዝንኬ ናቸው።

ከግራፉ ሥር ረዳቱ ሳይጠየቅ የሚጽፋት አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች፤ «ከግራፉ እንደሚታየው…» የምትል። ከሥዕሉ ይልቅ እርሷን እፈራለሁ። የቦሌና የየካ ክፍለ ከተሞችን መረጃ ከ2010 እስከ 2015 ዓ.ም. ስጡትና ያያችሁትን ንገሩኝ። በ2013 ሁለቱም ይወርዳሉ። ረዳቱ «ጉልህ ማሽቆልቆል» ይላል፤ የሆነው ግን ለሚ ኩራ 11ኛ ክፍለ ከተማ ሆኖ ሲቋቋም ከሁለቱ መሬትም ሰውም መውሰዱ ነው። የብርን ነገርም እንውሰድ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የአንድ አስመጪ ወጪ በብር ሲሣል እዚያች ቀን ላይ ገደል አለ። ገደሉ የዋጋ ነው፤ የመጣው ዕቃ ብዛት ሌላ ታሪክ ሊኖረው ይችላል። እንዲህ ያለውን ነገር ትልልቆቹ ሞዴሎች ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ ያውቁታል፤ ዓመቱ እ.ኤ.አ. መስሏቸው ከሄዱ ግን እውቀታቸው አይደርስላቸውም። የዘመኑ ስሕተት ሥዕሉን ብቻ ሳይሆን ትርጓሜውንም ይዞ ይሄዳል።

ስለ ግራፍ ምርጫ ለመናገር ብዙ የለኝም። ክሊቭላንድና ማክጊል በ1984 እ.ኤ.አ. ሰው ቁመትን በጋራ መነሻ መስመር ላይ ሲያወዳድር ከማዕዘን ይልቅ በትክክል እንደሚያነብ በሙከራ አሳይተዋል፤ ፓይ ለሚወድ አገር መራራ ዜና ነው። ረዳቶቹ ዝም ከተባሉ የተጠየቁትን ይሥላሉ፤ «የትኛው ይሻላል፣ ለምን?» ከተባሉ ግን ብዙ ጊዜ ደህና ምክር ይሰጣሉ። ጠይቋቸው።

የሚቀረው ዳታው የሚሄድበት ቦታና ዋጋው ነው። የአንትቪው ሰርቨር ሌላ ካልተነገረው ቁጥሩን ወደ ኩባንያው አገልግሎት ልኮ ምስሉን እዚያ ያሠራል፤ በራስ ኮምፒውተር ላይ መትከል ይቻላል፣ ግን ሆን ተብሎ መደረግ አለበት። በኩዊክቻርት አድራሻ ውስጥ ደግሞ ቁጥሩና ስሙ እንዳለ ተጽፎ ይገኛል፤ አድራሻውን በቴሌግራም የተቀበለ ሁሉ ዳታውን ተቀበለ ማለት ነው። ለሽንኩርት ዋጋ ይህ ምንም አይደለም። የቁጠባ ማኅበር አባላት ዕዳ ስም በስም ሲሣል፣ ወይም የጤና ጣቢያ ሕሙማን ዝርዝር ሲሰጥ ግን ነገሩ ሕግ ይነካል፤ የግል ዳታ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የግል መረጃን ከአገር ውጭ ስለማስተላለፍም ይደነግጋል። «ግራፍ ብቻ ነው ያሠራሁት» ማለት መልስ አይሆንም። ስምና ስልክ ቁጥርን አስቀድሞ ከፋይሉ ማውጣት የደቂቃ ሥራ ነው፤ ግራፍ ደግሞ ስም አያስፈልገውም።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ፋይል በሰፊው የሚቀበሉትና ኮድ የሚያስኬዱት ረዳቶች ሙሉ አገልግሎት በወር 20 ዶላር ገደማ ነው። በ57 ብር ሂሳብ 1,140 ብር የነበረው ዶላሩ 100 ሲያልፍ ከ2,000 ብር በላይ ሆነ፤ በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘቱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በነጻው አገልግሎት የሚሠራ ሰው ግን ሌላ መንገድ አለው፤ ዳታውን ሳይሰጥ ኮዱን ብቻ ማስጻፍ። የዐምዶቹን ስምና ሁለት የፈጠራ ረድፍ ጽፎ ይልካል፣ የተጻፈለትን ኮድ በራሱ ላፕቶፕ ላይ ባለው ፓይተን ያስኬዳል። መብራት ካለ ኢንተርኔት ቢጠፋም ግራፉ ይወጣል፣ ቁጥሩ ከቤት አልወጣም፣ በሞዴሉ አፍም አላለፈም። ፓይተን ለሚፈራ ሰው በኤክሴል ቀመርና ማክሮ እንዲጽፍለት ማዘዝም ያው ነው። የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና የዳታ ሳይንስ ትምህርት የጨረሰ ልጅ በየሰፈሩ አለ፤ ይህ ለእርሱ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ለትንሽ መሥሪያ ቤት ከተቀናጀው የኤምሲፒ ግንኙነት ይልቅ ይህን ብመርጥ ይሻለኛል።

ሆኖም ይህ ሁሉ የሚሠራው ዳታው በእጅ ላለ ሰው ነው። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የወሩን የሸማቾች ዋጋ መረጃ ሲያወጣ፣ ብሔራዊ ባንክም የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ሲያወጣ፣ ሠንጠረዡ በአብዛኛው የሚገኘው በፒዲኤፍ ውስጥ ነው። ረዳቱ ብዙ ጊዜ ያንን ገጽ በዓይኑ አንብቦ ቁጥሩን አንድ በአንድ ይገለብጣል፤ ያን ጊዜ ኮድ የማስጻፉ ጥቅም እዚያው ያልቃል፤ ቁጥሩ ተመልሶ በሞዴሉ አፍ ያልፋልና። ነጠላ ሰረዝ እንደ ነጥብ ይነበባል፣ በሁለት ገጽ የተከፈለ ሠንጠረዥ አንድ ረድፍ ያጣል። ያው ሠንጠረዥ በተራ የሲኤስቪ ፋይል ቢለጠፍ፣ ከአናቱም ዘመኑ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ.፣ ዓመቱ የበጀት ይሁን የቀን መቁጠሪያ፣ ጳጉሜን ከየትኛው ወር እንደተደመረች የሚናገር አንድ መስመር ቢጨመርበት፣ መካኒሳ አቦ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የተቀመጠው ተመራቂም ብሔራዊ ባንክ ውስጥ ያለው ኢኮኖሚስትም ከአንድ ምንጭ አንድ ዓይነት ግራፍ ያወጣሉ። ፋይሉ ከፒዲኤፉ በፊት በዚያው መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ በኤክሴል ተቀምጦ ይገኛል።